አንገቱ ያጠረ ብስክሌት፦ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

ለልጅዎ ያገለገለ ብስክሌት ገዝተዋል እንበል። ጎማውም ፍሬሙም ደህና ነው፤ የፊት ፎርኩ ግን ተጣሟል። ከገበያ በቅናሽ ሌላ ፎርክ አገኙ። ጠጋኙ ጋ ሲደርሱ ግን “ይሄማ አጭር ነው” አለዎት። ያጠረው ምኑ ነው?

ከፎርኩ ሁለት እግሮች በላይ አንድ ቱቦ አለ። በፍሬሙ የፊት ቱቦ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣና መሪውን ይሸከማል። አንገት እንበለው። ረጅም አንገት ይቆረጣል፤ አጭር አንገት ግን አይረዝምም። ያገለገለ ፎርክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀድሞው ብስክሌት ልክ የተቆረጠ ነው።

በማርኬቲንግ ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፤ ገዢ ዋጋውን ይጠይቃል እንጂ ልኩን አይጠይቅም።

ለምን ያሳስባል?

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ አብዛኛው መንገድ ሜዳ ነው። ወደ አንኮበር፣ ከዚያም ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ግን ቁልቁለቱ ሌላ ነው። ፍሬን ሲያዝ የልጁ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፤ ጫናውን የሚችለው ያ አንገት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ የፓሪ-ሩቤ ውድድር ላይ የአሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ ብስክሌት አንገት ተሰብሮ መሪው እጁ ላይ ቀረ፤ ወድቆም ትከሻው ተጎዳ። የእሱ አጥሮ ሳይሆን ተሰብሮ ነው። መሪው አንገቱን በደንብ ካልያዘም ውጤቱ ያው ነው።

አለካኩ

ሦስት ነገሮችን ይደምሩ፦ የፍሬሙ የፊት ቱቦ፣ ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎች የሚይዙት ቁመት፣ የመሪው መያዣ ቁመት። ለምሳሌ 120፣ 30 እና 40 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ድምሩ 190 ነው። የላይኛው ክዳን ኩሽኔታውን እንዲያጠብቅ አንገቱ ከመያዣው አፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ የሚፈልጉት 187 ነው። ውፍረቱንም ያመሳክሩ፤ የ25.4 እና የ28.6 ሚሊ ሜትር አንገቶች አይተካኩም።

ካጠረስ?

በመጀመሪያ ከመያዣው ሥር የተደረደሩ ቀለበቶች ካሉ ይውጡ። መሪው ዝቅ ካለብዎ ወደ ላይ የታጠፈ መሪ ይመልሰዋል። አሁንም ካልበቃ ቁመቱ አጠር ያለ መያዣ ይፈልጉ። በምሳሌያችን አንገቱ 177 ብቻ ቢሆን፣ የ40ውን መያዣ በ30 መቀየር ችግሩን ይፈታዋል። በነባሮቹ፣ አንገታቸው ጥርስ ባለው ብስክሌቶች ላይ ደግሞ የላይኛው ዳዶ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ መያዝ አለበት። ጫፉን ብቻ ከነከሰ ፎርኩን ይመልሱት።

ቁራጭ ቱቦ በብየዳ ማስቀጠል ግን በፍጹም አይሞከርም። ሙቀቱ ብረቱን ያዳክመዋል፤ መጋጠሚያውም ሳያስጠነቅቅ ሊለቅ ይችላል። የመያዣው ሁለቱም ብሎኖች አንገቱን ካልጨበጡ፣ ያ ብስክሌት ከግቢ አይውጣ።

ሥራው ሲያልቅ ጠጋኙ ፊት ይፈትሹ። የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው አልጠበቀም። ከዚያ ጎማውን በጉልበትዎ ጨብጠው መሪውን ያጣምሙ፤ ብቻውን ከዞረ መያዣው አልያዘም።

“ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በርጥብ” ይባል የለ? ፎርክ ሊገዙ ሲወጡ ሜትርዎን ኪስዎ ይክተቱ።