ከደባርቅ ማሳ እስከ ዴልታው፦ የደለል ጉዞ

የሰኔ ዝናብ በደባርቅና በዳባት ደጋ ሲጀምር ማሳው ገና ራቁቱን ነው። ለገብስና ለስንዴ ተደጋግሞ የታረሰው አፈር ላልቷል፤ ዘሩ ወይ አልበቀለም ወይ ገና ብቅ ማለቱ ነው። አንድ ከባድ ዝናብ ሲጥል በየማሳው ፈሰስ የሚወርደው ውኃ ደፍርሶ ወደ ቦረቦሩ ይገባል፤ ከቦረቦሩ ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱም በገደሉ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ውኃውን ያደፈረሰው የአርሶ አደሩ የእርሻ አፈር ነው።

ይህ አፈር ወዴት ይሄዳል? የሰሜን ተራሮችና አካባቢያቸው የሚያፈሱት ውኃ በአብዛኛው የተከዜ ነው። ከሊማሊሞ በታች ያለው ዛሪማም ሆነ በጊች አቅራቢያ ከገደል የሚወረወረው ጅንባር መጨረሻቸው እዚያው ነው። ከዳባት በስተደቡብ ከወገራ ደጋ የሚነሳው ውኃ ደግሞ በከፊል በመገጭ በኩል ወደ ጣና ይገባል። አንዱ ደጋ አፈሩን ለሁለት አቅጣጫ ያካፍላል ማለት ነው። የሁለቱም መንገድ መድረሻ ዴልታ ነው።

ዴልታ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባሕር ሲገባ ፍጥነቱ ቀንሶ የተሸከመውን ደለል በማራገፍ የሚፈጥረው ለጥ ያለ መሬት ነው። ስያሜው የተወሰደው ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ካላት የግሪክ ፊደል ነው። ዴልታ ለም የሚሆነው ከላይ ካለው ተዳፋት የታጠበ አፈር ስለሚከማችበት ነው።

ቅርቡን ለማየት ወደ ደምቢያ መውረድ ይበቃል። መገጭ ወደ ጣና በሚገባበት ሜዳ አርሶ አደሩ ሐይቁ ሲሸሽ ርጥበት በያዘው መሬት ላይ ይዘራል፤ ባሕር ሸሽ የሚባለው እርሻ ነው። በዚህ በኩል ደለሉ ሲሳይ ነው። ይሁን እንጂ መጠኑ ሲበዛ የወንዙን ወለል ይሞላዋል፤ ወንዙም ከቦዩ ወጥቶ ሰብልና ቤት ያጥለቀልቃል። በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገልና ረግረጉ ደለልን የማጣራት አቅም ቢኖራቸውም በግጦሽና በእርሻ ሲመነጠሩ ማጣሪያው ይጠፋል። ከአፈሩ ጋር የሚታጠበው ንጥረ ነገርም የውኃ አረምን ይመግባል። እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ እ.አ.አ በ2011 የታወቀው በመገጭ መግቢያ አካባቢ መሆኑ ለዚህ ማስታወሻ ነው። የጎንደር ከተማን ውኃ ለማጠጣት በመገጭ ገባር ላይ የተሠራው የአንገረብ ግድብም ከደለል ጋር ሲታገል የኖረ ነው።

የተከዜው መንገድ ረጅም ነው። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፤ አትባራም ዓባይን ተቀላቅሎ ወደ ግብጽ ይዘልቃል። የዓባይ ዴልታን ለብዙ ሺህ ዓመታት የሠራው ደለል አብዛኛው በዓባይና በአትባራ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋዎች የወረደ ነው። ከሰሜን ተራሮች የታጠበ አፈር ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ስንዴ ያበቅል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለደጋው አርሶ አደር ኪሳራ የነበረው ለቆላው ገበሬ ትርፍ ነበር።

ዛሬ ይህ ሂሳብ ተለውጧል። በ2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ሲሆን ሐይቁ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውኃ የመያዝ አቅም አለው። ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጣው ደለል እዚያው ይቀራል። ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ ደለሉን ሲያራግፍ በግድቡ ውስጥ ሌላ ዴልታ ይፈጠራል፤ ይህ ዴልታ ግን የሚታረስ ሳይሆን የውኃውን ቦታ የሚሻማ ነው። ከግድቡ በታች ተከዜን የሚቀላቀለው ዛሪማ የሚያወርደው ደግሞ በሱዳን ግድቦች ይያዛል። እ.አ.አ በ1964 በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራው የኻሽም ኤል ግርባ ግድብ ከመያዝ አቅሙ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በደለል አጥቷል። ከሁሉም ያለፈው እ.አ.አ በ1970 በተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የዓባይ ዴልታ የደለል ቀለቡ ተቋርጦበት ዳርቻው በባሕር ሞገድ እየተበላ ነው፤ የግብጽ ገበሬም ወንዙ በነጻ ያመጣለት የነበረውን በማዳበሪያ ለመተካት ተገድዷል።

ስለዚህ ዛሬ በተከዜ በኩል የሚታጠበው አፈር ማንንም አያበላም ማለት ይቻላል። ላዩ ይራቆታል፣ ግድቡ ይሞላል፣ ዴልታውም ይራባል። ሦስቱንም የሚጠቅመው አፈሩ በተነሳበት ማሳ እንዲቀር ማድረግ ነው።

የጉዳቱን መጠን ለመረዳት አንድ አኃዝ በቂ ነው። በ1970ዎቹ እ.አ.አ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ የነበሩትና በኋላም የአገሪቱን የአፈር ጥበቃ ምርምር የመሩት ስዊዘርላንዳዊው ሀንስ ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ደጋዎች ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተው ነበር። በኩንታል ሲሰላ 420 ነው። ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ የሚያገኝ አርሶ አደር፣ ጎተራው ካስገባው በክብደት 14 እጥፍ የሚሆን አፈር በጎርፍ ይሸኛል ማለት ነው። ውፍረቱ በዓመት ከአራት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ዓይን አያስተውለውም። በአንድ ሰው ዕድሜ ግን ማረሻው ድንጋይ ይነካል።

ከፍተኛው እጥበት የሚደርሰው ሰብሉ መሬቱን ከመሸፈኑ በፊት፣ በክረምቱ መግቢያ ነው። በመሆኑም በጥር በሚጀመረው የተፋሰስ ልማት ሥራ የተሠራ እርከን ሰኔ ሳይገባ ካልተጠገነ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከእርከኑ በላይ ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተዘግቶ ከሆነም ጎርፉ እርከኑን ሰብሮ ከበፊቱ የባሰ ቦረቦር ይከፍታል።

እርከን ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ ውኃ በሚቋጥርበት ደጋ፣ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራ እርከን ውኃ አቁሮ ገብሱንና ባቄላውን ሊያቢጫ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ እርከኑ ጥቂት ዘንበል ብሎ ትርፉን ውኃ ሣር ወደ ለበሰ መውረጃ ማድረስ አለበት። ባህላዊው ፈሰስም እንዲሁ ነው፤ ቁልቁለቱን ተከትሎ በቀጥታ ከወረደ የነገ ቦረቦር ነው፤ አግድም ዘንበል ብሎ ከተቀደደ ግን ውኃውን ያለ ጉዳት ያስወግዳል።

አርሶ አደሩ እርከንን ሁልጊዜ በደስታ የማይቀበልበት ምክንያትም አለው። እርከን ከማሳው ላይ የሚታረስ መሬት ይወስዳል፣ የአይጥ መጠለያ ይሆናል፣ ለማረሻ መዞሪያም ያስቸግራል። በደጋማ አካባቢዎች የተካሄዱ ጥናቶችም እርከን የአፈር እጥበትን በእጅጉ ቢቀንስም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርትን እምብዛም እንደማይጨምር አሳይተዋል። ድካሙ የላይኛው ሰው፣ ጥቅሙ ግን በከፊል የታችኛው ሰው ነው። እርከኑ ላይ ትሪ ሉሰርን ወይም የመኖ ሣር ሲተከል ግን የተወሰደው መሬት ለከብት ቀለብ ስለሚሰጥ ጥቅሙ እዚያው ቤት ይገባል። ይህም የሚሠራው ከአጨዳ በኋላ ያለው ልቅ ግጦሽ ሲገታ ነው።

ከማሳው በላይ ያለው ሣርም የዚሁ ሥራ አካል ነው። የጓሳው ሣርና የአስታው ደን ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዘው ቀስ በቀስ ለምንጮች ይለቃሉ። በበጋ በባህላዊ መስኖ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚያለማው አርሶ አደር የሚጠቀመው ይህንኑ ውኃ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.አ.አ በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ የገባበት አንዱ ምክንያት እርሻና ግጦሽ መስፋፋቱ ነበር፤ ከመዝገቡ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። ፓርኩን መጠበቅ ለዋልያና ለጭላዳ ብቻ ሳይሆን ለምንጩም ነው።

የዴልታ ጥበቃ በዴልታው ብቻ አይከናወንም። በደምቢያ ዳርቻ ደንገል መትከል፣ በግድብ ላይ ደለል መጥረግ አስፈላጊ ቢሆኑም የዘገዩ ናቸው። ሥራው የሚጀመረው ከላይ፣ ከሰኔ በፊት ነው። ቀላሉ መለኪያም በእያንዳንዱ ማሳ ጫፍ አለ፦ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ካባራ በኋላ ከፈሰሱ የሚወርደው ውኃ ከአምናው ጠርቶ ከታየ አፈሩ እቤቱ ቀርቷል።