በገዢው ማደሪያ ስለሚተመን ዋጋ

አሞሌ ጨው ከአፋር ቈላ ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ ወደ መቀሌ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ደቡብ በዘለቀ ቍጥር ዋጋው ይጨምር የነበረው በታወቀ ምክንያት ነው፤ የመንገዱ ርቀት፣ የየኬላው ቀረጥና የሲራራው ድካም ተደምረው ስለሚታሰቡ፣ ገዢው ስለ ምን እንደሚከፍል ያውቅ ነበር። በዘመናችን በኢንተርኔት የሚነግዱ ብዙ ድርጅቶች ግን ዕቃው ከተጓዘበት መንገድ ይልቅ የገዢውን ማደሪያ ይመረምራሉ፤ ስለዚህም በሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እኅትና በቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድርያ የሚኖር ወንድሟ በአንዲት ሰዓት አንድ ዓይነት ዕቃ ፈልገው የተለያየ ዋጋ ቢያዩ፣ ወይም ለእርሷ ዛሬ ይደርሳል የተባለው ለእርሱ ከሦስት ቀን በኋላ ቢባል፣ ምክንያቱ ከሁለቱም የተሰወረ ይሆናል።

ሻጩ የሸማቹን ስፍራ የሚያውቅባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። ፊተኛው ኢንተርኔት አቅራቢው ኩባንያ የሚሰጠው አይፒ አድራሻ ሲሆን፣ ከተማን በግምት ያመለክታል እንጂ ቤትን ለይቶ አያሳይም። ሁለተኛው ሸማቹ ዕቃ እንዲላክለት በገዛ እጁ የሚጽፈው ዚፕ ኮድ ነው። ሦስተኛው የስልኩ ጂፒኤስ ሲሆን፣ ባለቤቱ «ሎኬሽን» የሚለውን ፈቃድ ከሰጠ፣ የቆመበትን ደጃፍ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይገልጣል።

ይህ ዕውቀት በዋጋ ላይ የሚያደርሰውን ነገር ዎል ስትሪት ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2012 አጋልጦት ነበር። የጽሕፈት ዕቃ ሻጩ ስቴፕልስ በድረ ገጹ ያንኑ ስዊንግላይን ስቴፕለር ለአንዱ በ14.29 ዶላር፣ በጥቂት ማይል ርቀት ለሚኖረው ለሌላው ግን በ15.79 ዶላር ያሳይ ነበር፤ በ20 ማይል ክልል ውስጥ ተፎካካሪ መደብር ላለው ሸማች አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይቀነስለት ስለ ነበር፣ ቅናሹ ይበልጥ የደረሰው ገቢያቸው ከፍ ላለ ሰፈሮች ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪዎች የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድርያ መካከል ያለው ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ዐቃቤ ሕግ ብራያን ሽዋልብ በዲሴምበር 2024 አማዞንን የከሰሱት፣ ከአናኮስትያ ወንዝ በስተምሥራቅ ያሉትን 20019 እና 20020 የተባሉ ዚፕ ኮዶች ከ2022 ጀምሮ ከፈጣኑ የማድረስ አገልግሎት በስውር አስወጥቶ፣ ከነዋሪዎቹ ግን እንደ ሌላው ሕዝብ ሁሉ ሙሉውን የፕራይም አባልነት ክፍያ፣ ይኸውም በዓመት 139 ዶላር፣ ይቀበል ነበር ብለው ነው። በክሱ ቃል መሠረት፣ በ2023 ወደ እነዚህ ሰፈሮች ከተላኩት ጥቅሎች በሁለት ቀን የደረሱት 24 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በቀረው ከተማ ግን ወደ ሦስት አራተኛው የሚጠጉት በዚሁ ጊዜ ደርሰዋል። አማዞን በበኩሉ ይህን ያደረገው ስለ አሽከርካሪዎቹ ደኅንነት አስቦ እንደ ሆነ ገልጦ፣ አድልዎ ፈጽሟል መባሉን አስተባብሏል። የአሽከርካሪ ሕይወት መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እኩል የከፈለ ሰው እኩል የማያገኝ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ልዩነት ሁሉ ዐመፅ አይደለም። ማጓጓዣ በርቀት ቢጨምር፣ ወይም የፊልም መብት በየአገሩ የሚሸጥ በመሆኑ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የታየው አዲስ አበባ ላይ ቢታጣ፣ ምክንያቱ ሊገለጥ የሚችል ነው። ክፋቱ ልዩነቱ ሲሰወር ነው፤ መጽሐፈ ምሳሌ ሁለት ዓይነት ሚዛንን አጥብቆ የሚያወግዘው፣ ገዢው ሁለተኛውን ሚዛን ስለማያየው ይመስለኛል።

የሕግ ጥበቃውም ቢሆን እንደ ስፍራው ይለያያል። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በሚሠራው የቨርጂኒያ ሕግ፣ ሰው ያለበትን ስፍራ በ1,750 ጫማ ክልል ውስጥ የሚያመለክት መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሥራ ላይ አይውልም፤ በኦክቶበር 2025 የጸናው የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን መረጃ መሸጥን ጭምር ይከለክላል። ሆኖም ዚፕ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክልል የሰፋ ስለ ሆነ፣ በእርሱ የሚተመነው ዋጋ ከነዚህ ድንጋጌዎች ያመልጣል። በዚህ ረገድ የኒው ዮርክ ግዛት በ2025 ያወጣው ሕግ የተሻለ ፈር ቀዷል፤ ዋጋው በሸማቹ የግል መረጃ ላይ ተመሥርቶ በኮምፒውተር ስሌት የተወሰነ እንደ ሆነ፣ ሻጩ ይህንኑ በግልጽ እንዲጽፍ ያዝዛልና።

እንዲህ ያለ ሕግ በየስፍራው እስኪወጣ ድረስ አስተዋይ ሸማች ለማያስፈልገው አፕ የሎኬሽን ፈቃድ ይንሣ፤ ውድ ነገር ከመግዛቱም በፊት በሌላ ሰፈር ወዳለ ዘመዱ ደውሎ ዋጋውን ያመሳክር። በርበሬና ሽሮ በኢንተርኔት እየሸጡ በየግዛቱ በፖስታ የሚልኩ የአገራችን ነጋዴዎችም የዕቃውን ዋጋ ለብቻው፣ ማጓጓዣውን ለብቻው ጽፈው ያሳዩ፤ ከትልልቆቹ ድርጅቶች የምንጠይቀውን ግልጽነት አስቀድመን በራሳችን ንግድ ብንፈጽመው፣ ጥያቄያችን ክብደት ይኖረዋል።