«ማጎራበት» ወይስ «መቀላቀል»?

ልዩ ልዩ ሕዋሳትን በጥቃቅን ቦዮች ውስጥ አሰናድቶ ሕብረ ሕዋስ ስለ መገንባት የተጻፈን ጽሑፍ የሚመልስ ተርጓሚ፣ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት በአንድ መሣሪያ ውስጥ አብረው ማደጋቸውን ለመግለጥ «መቀላቀል» የሚለውን ግሥ ቢመርጥ አያስደንቅም። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ግሥ የሥራውን ፍሬ ነገር ይገለብጠዋል።

ለአብነት ያህል ዶናልድ ኢንግበርና ባልደረቦቻቸው በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉትን የሳንባ አምሳያ ቺፕ እንመልከት። አንዱ ከሌላው በላይ የተዘረጉ ሁለት ቦዮችን፣ ውፍረቱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ተለጣጭና ባለ ቀዳዳ ስስ ሽፋን ይለያቸዋል። በሽፋኑ ላይኛ ገጽ የሳንባ አየር ከረጢት ሕዋሳት ሰፍረው አየር ያገኛሉ፤ በታችኛው ገጽ የደም ሥር ሕዋሳት ሰፍረው ፈሳሽ ያልፍባቸዋል። ከግራና ከቀኝ ካሉት ክፍሎች አየር ሲመጠጥ ሽፋኑ ይለጠጣል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል፤ ይኸውም አተነፋፈስን ለማስመሰል ነው። በላይኛው ቦይ ባክቴሪያ ሲገባ፣ በታችኛው የሚፈሱት ነጭ የደም ሕዋሳት በደም ሥሩ ሕዋሳት ላይ ተጣብቀው፣ በቀዳዳዎቹ ተሻግረው ባክቴሪያውን ሲውጡ ታይቷል። ሁለቱ ዓይነት ሕዋሳት ተቀላቅለው ቢሆን ኖሮ የሚሻገሩት ወሰን ባልኖረ ነበር።

ስለሆነም «ማጎራበት» የሚለውን እናቀርባለን። ጎረቤትን አጥር ይለየዋል፤ የጎረቤት ጩኸት ግን አጥር ተሻግሮ ይሰማል።

አጥር የሌለበት አሠራርም አለ የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በእርግጥ ታካያማ፣ ዋይትሳይድስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ በጠባብ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን የሚፈሱ ጅረቶች ሳይናወጡ ስለሚጓዙ፣ ያለ አንዳች ግድግዳ ሕዋሳትን በየረድፋቸው ለማስፈር ያስችላሉ። ይሁን እንጂ በድንበር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ማሳዎችስ ጎረቤታሞች አይደሉምን? «መቀላቀል» የሚለው፣ ሕዋሳቱ በአንድ ጄል ውስጥ ያለ ወሰን ለሚሰራጩበት ሁኔታ ተጠብቆ ይቆይ።

«ቦይ»ን ከ«ቧንቧ» ያስቀደምነው በራሱ በመሣሪያው አካል ውስጥ የተቀረጸ እንጂ ተሠርቶ የተዘረጋ ስላልሆነ ነው። የሕዋስን እርባታ «ባህል» ብሎ መተርጎም ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው። «አምሳያ» የምትለዋም ቃል ከ«ሳንባ ቺፕ» እንዳትቀር እናሳስባለን፤ ያለዚያ አንባቢው ለሕመምተኛ የሚተከል ሳንባ ተሠራ ብሎ ሊረዳ ይችላል።

እንግዲህ ግሡ «አጎራበተ»፣ ሁኔታው «ጉርብትና»፣ ሕዋሳቱም «ተጎራባች ሕዋሳት» ይባሉ።