ድምፅን ወደ ሌላ ሰው ድምፅ የመለወጥ ጥበብ

ከሳምባ የሚወጣው እስትንፋስ የጉሮሮን አውታሮች ሲያርገበግብ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ይገኛል፤ ይኸው ድምፅ በጉሮሮ፣ በአፍና በአፍንጫ ሲያልፍ ከእያንዳንዱ ሰው ተፈጥሮ ልዩ ጠባይ ይወርሳል፤ ምላስና ከንፈርም የትውልድ አገር እንዳስለመዳቸው ቃሉን ይቀርጹታል። የአንዱን ንግግር በሌላው ሰው ድምፅ የሚያሰማው የኮምፒውተር ጥበብ ሥራው እነዚህን መለየት ነው፤ በሰከንድ መቶኛ ያህል እየተራመደ ንግግሩን ይመረምራል፣ የተባለውን ቃል ከተናጋሪው ማንነት ይነጥላል፣ ከዚያም ለቃሉ የሌላውን ሰው ጠባየ ድምፅ ያለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የጃፓን መሐንዲሶች ይህን ሲሠሩ ሁለቱ ሰዎች ያንኑ ቃል ማንበብ ነበረባቸው፤ ዛሬ ግን ጥቂት ሰከንድ የተቀዳ ድምፅ ይበቃል።

የተቀዳ ድምፅ ሲነሣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ትዝ ይሉኛል። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክ በፎኖግራፍ መልእክት ሲልኩ፣ ድምፁ የተቀዳበት ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዘዙ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ በተከታዩ ዓመት የላኩት መልስ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ስለዚህ ያልተናገሩትን ቃል በድምፃቸው ለማሰማት የሚሻ ሰው መነሻ አያጣም። የሙታንን ልሳን ያለ ወራሽ ፈቃድ መዋስ፣ እንደ እኔ አሳብ፣ መቃብር ከመድፈር አይተናነስም፤ በሕመም ጉሮሮውን ላጣ ሰው የቀድሞ ድምፁን መመለስ ግን የተባረከ ሥራ ነው።

ይህ ጥበብ ግን ዘዬ ላይ ሲደርስ ወሰን አለው። የቋንቋ ሊቃውንት የአማርኛን ዘዬዎች የአዲስ አበባ፣ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የመንዝ ብለው ይከፍሏቸዋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ጠባየ ድምፁን ሲለውጥ ቅላጼውን፣ ማጥበቅና ማላላቱን፣ የአነጋገሩንም አወራረድ ለመጀመሪያው ተናጋሪ የሚተው መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ የከተማ አታላይ የልጅን ድምፅ ተውሶ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ለምትኖር እናት ቢደውልና ገንዘብ ቢለምናት፣ ድምፁ የልጇ ሲሆን አነጋገሩ የባዕድ ይሆናል፤ የመንዝን ዘዬ ጠንቅቃ የምታውቅ ጆሮም ይህን ልትለየው ትችላለች። አታላዩ ራሱ መንዜ የሆነ እንደሆነ ግን ይህ ምልክት ይጠፋልና፣ ስልኩን ዘግታ በምታውቀው በልጇ ቁጥር መልሳ ትደውል።