ከሁለት መድኃኒት በኋላ

በጨዋታ መሀል ድንገት ዝም ይላል። ዓይኑ ይፈዛል፣ ባዶ አፉን ያላምጣል፣ ጣቶቹ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካሉ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሲነቃ የሆነውን አያስታውስም። መሬት ላይ ስላልወደቀ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ከጆሮ አካባቢ ወደ ውስጥ ያለው፣ ቴምፖራል ሎብ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። በቀዶ ሕክምና ጥሩ ውጤት ከሚገኝባቸው ዓይነቶች አንዱም ይኸው ነው።

የቀዶ ሐኪሙ ቪክቶር ሆርስሊ ለንደን ውስጥ ለሚጥል በሽታ አንጎል የቀደደው እ.ኤ.አ. በ1886 ነበር። ቀዶ ሕክምናው ከመድኃኒት መብለጡ በካናዳዋ ለንደን ከተማ በዕጣ ድልድል ተፈትኖ የታተመው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። መድኃኒት እምቢ ካላቸው 80 ሕሙማን 40ው ለቀዶ ሕክምና ተመደቡ፤ 40ው በመድኃኒታቸው ቀጠሉ። በዓመቱ ራስን ከሚያስተው ሕመም የተገላገሉት ከፊተኞቹ 58 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 8 በመቶ ነበሩ።

ዓመታት ሲገፉ ሕመሙ የሚመለስባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 615 ጎልማሶች ተከታትሎ ነበር፤ እስከ አምስት ዓመት ሳያገረሽባቸው የቆዩት 52 በመቶ፣ እስከ አሥር ዓመት የዘለቁት 47 በመቶ ሆኑ። ወደ ግማሽ ለሚጠጋው ሰው አሥር ዓመት ሙሉ ሰላም ማለት ነው።

አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካዊው ሄንሪ ሞሌሶን ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎሉ ክፍል ከሁለቱም ወገን ተቆርጦ ወጣለት። ሕመሙ ቀለለለት፤ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አጣ። ዛሬ የሚቆረጠው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ያውም ኤምአርአይ፣ ኢኢጂና የማስታወስ ፈተና ከቀደመ በኋላ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መዘግየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የግላስጎው ጥናት ሕክምና ጀምረው ከማያውቁ 470 ሕሙማን 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት፣ 13 በመቶው በሁለተኛው እንደተሻላቸው አሳየ። ሦስተኛው መድኃኒት የጠቀመው 1 በመቶውን ብቻ ነው። ይህ እየታወቀ ብዙ ሕሙማን ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት ሃያ ዓመት ገደማ ከተሰቃዩ በኋላ ነው፤ ትምህርታቸው ተቋርጦ፣ ሥራቸው ቀርቶ።

በእኛ አገር መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ቤት ለቤት ዞረው፣ ከ1000 ሰው 5ቱ ገደማ በሽታው እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። ዛሬም የወደቀ ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት የሚጭር አለ። ክብሪቱ ይቅር፤ በጎኑ እናስተኛው፣ ጭንቅላቱን እንደግፍለት፣ ሐኪም ዘንድ እናድርሰው። ሁለት መድኃኒት በአግባቡ ተወስዶ ካልሠራ ደግሞ ቤተሰቡ ሐኪሙን ሳያፍር ይጠይቅ፦ «ቀዶ ሕክምና ይሆነው ይሆን?»