ታብሌት ያለ መጽሐፍ ባዶ ሣጥን ነው
ዕቃውን ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚያወርድ ነጋዴ ከገዢ የሚገጥሙት ጥያቄዎች

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳ በቆሎና በርበሬ በሚመረትበት አገር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ለአማርኛ አንባቢ ግን ስሟ የታወቀው ከእህሉ ይልቅ በመጽሐፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶ/ር ሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያው ከማንኩሳ ነው። መጽሐፉ በኋላም በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ተተርኮ፣ ፊደል ላልቆጠረውም ደርሷል።

ዛሬ መጽሐፍን፣ ትረካንና ፊልምን በአንድነት የሚይዝ ዕቃ ታብሌት ነው። ይሁን እንጂ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚገባ ዕቃም ከዚህ አያመልጥም። ገዢው አስቀድሞ ስልክ በኪሱ ስላለ፣ ሌላ ገንዘብ የሚያወጣው ስልኩ የማይሰጠውን ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ማወቅ ይጠቅማል።

ስንት ኢንች ይበቃል?

አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ የሚታተመው በኤ5 ወረቀት መጠን ሲሆን፣ የዚህ ገጽ ማዕዘን ለማዕዘን ልክ 10 ኢንች ያህል ነው። ተነሥቶ በፒዲኤፍ የተቀመጠ መጽሐፍ በ10 ኢንች ታብሌት ላይ ከወረቀቱ በተቀራረበ መጠን ይነበባል። በ7 ኢንች ላይ ግን ፊደሉ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ለፊልምና ለትረካ 7 ወይም 8 ኢንች አያንስም፤ ዓይናቸው ለደከመ አባት የሚገዛ ሰው ግን ትልቁን ቢወስድ ይሻላል። እንደ ኪንድል ያሉ የንባብ ብቻ መሣሪያዎች በፀሐይ ላይ በደንብ ይነበባሉ፣ ባትሪያቸውም ለሳምንታት ይቆያል፤ ፊልም ግን አይሆንላቸውም።

አማርኛ ያነብባል?

አዳዲሶቹ የአንድሮይድ ታብሌቶች የግዕዝ ፊደል አብሯቸው ይመጣል። ችግሩ ያለው በቆዩ ጽሑፎች ላይ ነው። ፊደላችን ወደ ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ አልፎም ከዚያ በኋላ፣ በየራሳቸው ፎንት የተተየቡ ጽሑፎች በታብሌት ሲከፈቱ የተዘበራረቀ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህን በፒዲኤፍ መያዝ ወይም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል። ነጋዴው ዕቃውን ሲረከብ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከፍቶ ቢሞክር ከመላሽ ደንበኛ ይድናል።

ምን ያህል ይይዛል?

በመካከለኛ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ትረካ 30 ሜጋባይት አይሞላም። ስለዚህ የ30 ሰዓት ትረካ ከ1 ጊጋባይት በታች ቦታ ይወስዳል። ቦታ የሚበላው ፊልም ነው። በሣጥኑ ላይ 32 ጊጋባይት ተብሎ ቢጻፍም ከፊሉን የመሣሪያው የራሱ ሥርዓት ስለሚይዘው፣ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ዕቃ መምረጥ ይበጃል።

መብራት ሲጠፋስ?

5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ታብሌት ለመሙላት ከ18 ዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይፈልጋል። ለአምፖል ብቻ የተሠራች ትንሽ ሶላር ይህን አትችልም። 10 ዋት ሶላር ግን ደህና ፀሐይ ካገኘ በግማሽ ቀን ውስጥ ይሞላዋል። ታብሌትና ሶላር አጣምሮ መሸጥ ለገጠር ገዢ ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?

ለዚህ አካባቢ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በመስመር ላይ ብቻ የሚታይ ነገር የጫነ መሣሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከመስታወት አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የውጭ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላላዩ ሕፃናት ታብሌት አድሎ ነበር። ሕፃናቱ ያለ አስተማሪ መሣሪያውን ከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል እስከ መዝፈን ደርሰዋል። ኃይሉ ከፀሐይ የሚገኝ ነበር፤ መጻሕፍቱና ጨዋታዎቹም አስቀድመው ተጭነው ነበር።

ሱቁ መጽሐፍ ጭኖ መሸጥ ይችላል?

አትራፊውም አደገኛውም ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ተነሥተው የተለቀቁ መጻሕፍትን በነፃ ጭኖ ዕቃውን ማስወደድ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ሥራቸው ገና ለብዙ ዓመታት ያለ ወራሾቻቸው ፈቃድ የማይሸጥ ንብረት ነው። ትረካ ሲሆን ደግሞ የተራኪውና የአሰራጩ መብት ይጨመራል። አዋጁ ካሣ ብቻ ሳይሆን እስራትም አለበት።

በሌላ በኩል፣ ሰው የሚፈልገውን ሥራ ከባለመብቱ ጋር ተዋውሎ፣ በሚሞሪ ካርድ አድርጎ፣ ደረሰኝ ቆርጦ የሚሸጥ ነጋዴ ጎረቤቱ በቀላሉ የማይደርስበትን ዕቃ ይይዛል። መሣሪያውን ማንም ከመርካቶ ገዝቶ ሊያወርድ ይችላል፤ የፈቃድ ውሉ ግን በእጁ ያለው ሰው ብቻ ነው። ገንዘቡን ሁሉ በሣጥኑ ላይ ያፈሰሰ የዶላሩን መውጣት ሲከተል ይኖራል፤ ከፊሉን በይዘቱ ላይ ያዋለ ግን በብር ገዝቶ በብር ይሸጣል።