በሜዳችን፣ ግን በሰው አገር

ኢትዮጵያ በሜዳዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ታስተናግዳለች ይላል ፕሮግራሙ። የት? ዳሬሰላም። ቀጥሎ ጊኒን ታስተናግዳለች። የት? አቢጃን። ከዚያ ደግሞ ታንዛኒያን ታስተናግዳለች። የት? ኪንሻሳ። ከጳጉሜ 2016 እስከ ኅዳር 2017 ዓ.ም በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የዋልያዎቹ ሦስት "የሜዳ" ጨዋታዎች አድራሻ ይኸው ነበር። እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው እንላለን። እንግዳን በሰው ቤት፣ ያውም በምድብ ተፎካካሪያችን ሳሎን መቀበል ግን እግር ኳሱ ያመጣብን ጉድ ነው።

ስለ ውጤቱ ብዙ ተብሏል። ስለ ደጋፊው ግን ብዙም አልተባለም። ከሰሚት፣ ከአያት፣ ከሲኤምሲ ወይም ከቦሌ አራብሳ ተነስቶ ስታዲየም ይሄድ የነበረው ሰው በነዚህ ዓመታት ምን ሆነ? ጥያቄውን ለመመለስ እስቲ መጀመሪያ ብዙዎቻችን ወደማናውቀው ስፖርት፣ ወደ ቤዝቦል ጎራ እንበል።

የካብስ ደጋፊና የሰሚቱ ደጋፊ

አሜሪካኖቹ የቤዝቦል ሊጋቸውን የመክፈቻ ጨዋታዎች አልፎ አልፎ ወደ ውጭ አገር ይወስዳሉ። ሞንቴሬይ፣ ቶኪዮ፣ ሲድኒና ሴኡል ተራ ደርሷቸዋል። መጋቢት 9 እና 10 ቀን 2017 ዓ.ም ሎስ አንጀለስ ዶጀርስና ቺካጎ ካብስ የውድድር ዘመናቸውን በቶኪዮ ጀመሩ። በወረቀት ላይ ባለሜዳው ካብስ ነበር። ጃፓኖቹ የአገራቸውን ልጅ ሾሄይ ኦታኒን ለማየት አዳራሹን ሲሞሉ የቺካጎው ደጋፊ ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የሎስ አንጀለሱ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከአልጋው መነሳት ነበረበት። ካብስ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈ።

እንዲህ ያለው ጉዞ በተደረገ ቁጥር ደጋፊው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሊጋችን በዓለም ታየልን ብሎ የሚደሰት አለ። የመክፈቻው ቀን የሰፈሬ በዓል ነው፣ ማን ፈቅዶላችሁ ሸጣችሁት ብሎ የሚያኮርፍም አለ። የሁለቱም ስሜት ይገባናል። ግን አንድ ቁጥር እንያዝ፦ የቤዝቦል ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል። ግማሹ፣ ማለትም 81ዱ በሜዳው ነው። ካብስ ሁለቱን ለቶኪዮ ቢሰጥም 79 ቀርቶለታል። ያኮረፈው ደጋፊ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ቤቱ ገብቶ ይጮሃል።

አሁን ወደኛ እንምጣ። በዚያው በመጋቢት 2017፣ ቶኪዮ ላይ ጨዋታው ካበቃ ሁለት ቀን በኋላ፣ ዋልያዎቹም ሁለት "የሜዳ" ጨዋታ ነበራቸው። መጋቢት 12 ቀን ግብፅን ካዛብላንካ ላይ አስተናግደው 2 ለ 0 ተሸነፉ። መጋቢት 15 ቀን ጅቡቲን ኤል ጃዲዳ ላይ አስተናግደው 6 ለ 1 አሸነፉ። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከነበሩን አምስት የሜዳ ጨዋታዎች አራቱ የተካሄዱት ሞሮኮ ውስጥ ነው። ካብስ ከ81 ሁለት ሰጠ፤ እኛ ከአምስት አራት። እነሱ ፈልገው፣ ተከፍሏቸው ሄዱ። እኛ ሜዳ አጥተን፣ ከፍለን ሄድን።

የጅቡቲውን ነገርማ ማን ያምነዋል? ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር ይደረሳል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን በዚያ ማጣሪያ ሁለት ጊዜ ሲገናኙ፣ የመጀመሪያውም በሰኔ 2016 (1 ለ 1 ተለያይተዋል)፣ ሁለቱንም የተጫወቱት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር በኤል ጃዲዳ ነው።

ስደቱ እንዴት ጀመረ?

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን አስተናግደው 3 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም አለ። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ከተሰናበተ ቆይቶ ነበር። የካፍ መስፈርት የሣሩን ጥራት ብቻ አያይም። ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ወንበር፣ በቂ መብራት፣ ደረጃውን የጠበቀ መልበሻ ክፍል፣ የሕክምናና የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ ይፈልጋል። በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተጨናንቆ መቀመጥ ለለመደው ለኛ ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ካፍ ግን በዚህ ቀልድ አያውቅም።

ስለዚህ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም ጋናን "በሜዳችን" ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ሆነ። አንድሬ አዩ በቅጣት ምት አስቆጠረ፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን ለአንድ ጨዋታ ነው፣ ቢበዛ ለሁለት ነው ብለን ነበር። ከጆሃንስበርግ በኋላ ሊሎንግዌ መጣ፣ ቀጥሎ ሞሮኮ፣ ከዚያ ዳሬሰላም፣ አቢጃንና ኪንሻሳ።

የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም ነው። ክፍለ ከተማውና የብሔራዊ ቡድናችን ስደት እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሜዳ ምን ለውጥ ያመጣል?

ኳስ ክብ ናት፣ ሜዳ ሜዳ ነው፣ አስራ አንድ ለአስራ አንድ ነው የሚል ክርክር አለ። ተከራካሪዎቹ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመሩት ዋልያዎቹ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈዋል። እርግጥ መሐመድ ሳላህ በጉዳት አልነበረም። ቢሆንም ግብፅ ግብፅ ናት። በነገራችን ላይ ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ሜዳ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፈን ነበር። ስለዚህ በሰው አገርም ማሸነፍ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሌላውንም ገጽ እንይ። በመግቢያችን ባነሳናቸው ሦስት የሜዳ ጨዋታዎች በዲሞክራቲክ ኮንጎ 2 ለ 0፣ በጊኒ 3 ለ 0፣ በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸንፈናል። ሰባት ጎል ገባብን፤ አንድም አላገባንም። በዚያ ማጣሪያ ያሸነፍነው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። እሱም ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 1 የረታንበት ነው። ያገኘነው አራት ነጥብ በሙሉ እንግዳ በሆንባቸው ጨዋታዎች የመጣ ነው። በዚህ ማጣሪያ "ባለሜዳ" መሆን ለኛ ከወረቀት ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

ባለሜዳነት ትርጉም የነበረውን ጊዜ ደግሞ የምናስታውስ አለን። በጥቅምት 2005 ዓ.ም ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ደጋፊው ስታዲየሙን ሞላው። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፤ 2 ለ 0። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን በሱራፌል ዳኛቸውና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 1 ስናሸንፍም የተመልካቹን ጩኸት የሰማ ሰው ሜዳ ለውጥ አያመጣም አይልም። ድካም ሲመጣ አንድ እርምጃ የሚያስጨምረው ያ ጩኸት ነው። ኤል ጃዲዳ ላይ ማን ይጩህ?

ከካታንጋ ወደ ሶፋ

ትልቁ ጉዳት ግን ከነጥቡም በላይ ነው። ደጋፊ ተመልካች ሆነ። ሁለቱ ይለያያሉ። ተመልካች ሲሰለቸው ቻናል ይቀይራል። ደጋፊ ግን ትኬቱን ገዝቶ፣ ከጥላ ፎቅ፣ ከካታንጋ፣ ከሚስማር ተራ ወይም ከዳፍ ትራክ አንዱ ላይ ተቀምጦ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ዘጠና ደቂቃ ይሠራል። አዎ፣ ሥራ ነው። ድምፁ ተዘግቶ ሰኞ ቢሮ የሚገባው ሰው ያውቀዋል። ከአያት የሚነሳው ቀላል ባቡር ስታዲየም የሚባል ፌርማታ አለው። ብሔራዊ ቡድኑ በተሰደደባቸው ዓመታት የለሚ ኩራው ደጋፊ በዚያ በኩል እያለፈ መሥሪያ ቤቱ ገብቷል፤ ዋልያዎቹን ለማየት ግን ወርዶ አያውቅም።

ክለቦቹም ከዚህ አላመለጡም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የ2016ን አዲስ ዓመት የተቀበለው ከአል አህሊ ጋር በነበረው የቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ነው። የሜዳውም የደርሶ መልሱም ጨዋታ የተደረገው ካይሮ ውስጥ ነው። በ3 ለ 0 እና በ4 ለ 0 ሽንፈት ተጠናቀቀ። የዓመቱን ትልቁን እንግዳ በራሱ በእንግዳው ቤት ማስተናገድ ማለት ይኸው ነው። ፕሪሚየር ሊጉም ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ክለቦቹን ሁሉ በአንድ ከተማ እየሰበሰበ በዙር ሲካሄድ ቆይቷል። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መታየታቸው መልካም ነው፣ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ቡድኑን ለማየት አዳማ፣ ሀዋሳ ወይም ድሬዳዋ መውረድ ግድ ሆነበት። አዲስ አበቤው በአንድ ጊዜ ብሔራዊ ቡድኑንም ክለቡንም ከሰፈሩ አጣ።

ጎዶሎው ምን ያህል እንደሆነ ያሳየን መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም የታንዛኒያውን ያንግ አፍሪካንስ አስተናግዶ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሽንፈት ነው፤ ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ተሸንፎ በታክሲ እየተከራከሩ ወደ ቤት መግባትም እኮ የኳሱ አንድ አካል ነው። በመልሱ ጨዋታ 6 ለ 0 ሲሆን ያ ክርክር እንኳ አልተረፈንም።

ልጆቹን ደግሞ አስቡ። ጆሃንስበርግ ላይ ከጋና ስንጫወት አምስት ዓመቱ የነበረ የሰሚት ኮንዶሚኒየም ልጅ፣ ግብፅን ካዛብላንካ ላይ ስናስተናግድ ስምንት ዓመት አልፎታል። ሳላህን በሊቨርፑል ማሊያ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ያየው ነበር። ያ ሳላህ በመጋቢት 2017 እኛ "ባለሜዳ" በሆንበት ጨዋታ ተሰልፎ ጎል አስቆጥሯል። ሜዳ ቢኖረን ኖሮ አዲስ አበባ ይመጣ ነበር። ልጁ አባቱን እጁን ይዞ ሄዶ፣ በሳላህ ላይ ለዋልያዎቹ ይጮህ ነበር። ቀኑ አልፏል፤ በድጋሚ አይመጣም። የሰፈራችን ልጅ ለአርሰናልና ለማንቸስተር ያለቅሳል ብለን የምንወቅሰው ታዲያ በምን አፋችን ነው? የራሱን ቡድን መቼ አሳየነው?

ስፔኖቹ እምቢ ሲሉ

አውሮፓም ከዚህ ንፋስ አላመለጠችም። የስፔን ሱፐር ካፕ ወደ ሳዑዲ አረቢያ ከሄደ ሰንብቷል። በ2018 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ላሊጋው የቪያሪያልና የባርሴሎናን ጨዋታ ወደ ማያሚ ሊወስድ ሲነሳ ግን ደጋፊው ጮኸ። ተጫዋቾቹም ጨዋታ ሲጀመር ለ15 ሰከንድ ያህል ኳሱን ሳይነኩ ቆመው ተቃወሙ። በጥቅምት ወር ዕቅዱ ተሰረዘ። አንድ ጨዋታ ነበር እኮ! ለአንድ ጨዋታ ያ ሁሉ ጩኸት ከተነሳ የኛ ደጋፊ ለዓመታት ዝም ማለቱ ትዕግሥት ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ? ተስፋ መቁረጥ እንዳይሆን እንፈራለን። የሚያኮርፍ ደጋፊ አሁንም የኛ ነው። ጨዋታ መኖሩንም ሳይሰማ የቀረው ነው የሚያሳስበው።

ከጎረቤት ያለው ስታዲየም

ለለሚ ኩራ ሰው ነገሩን የሚያመረው ሌላም ነገር አለ። ጎረቤት ክፍለ ከተማ፣ ቦሌ ውስጥ፣ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ በቻይናው ኩባንያ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ዋልያዎቹ ከጆሃንስበርግ እስከ ኪንሻሳ ሲንከራተቱ እሱ ገና አላለቀም ነበር። አገሪቱ የአፍሪካ ዋንጫን ዳግም የማስተናገድ ፍላጎቷን ይፋ አድርጋለች። የ1954ቱን ዋንጫ በዚችው ከተማ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን እንዳነሳን ላልረሳን ሰዎች ይህ ያኮራል። ነገር ግን ስታዲየምን ለአንድ ወር ድግስ ብቻ አናስበው። የሚያስፈልገን በጥቅምት አንድ ተራ እሁድ ከሴራሊዮን ጋር ለሚደረግ ማጣሪያም ጭምር ነው።

ታዲያ ኃላፊዎቹን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አዲሱ ስታዲየም በተከፈተ ዕለት የክብር እንግዶቹ ወንበር ይሙላ፣ እሺ። ግን የሕዝቡ ትኬት ዋጋ አንድ የኮንዶሚኒየም አባወራ ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚችለው ይሁን። ትኬቱ በሰሚትና በአያትም ይሸጥ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ አራብሳና ወደ አባዶ የሚመልስ አውቶቡስ ቆሞ ይጠብቅ። ደጋፊው ከሶፋው ለመነሳት ከዚህ የበለጠ ግብዣ አይፈልግም። ለመጮህ ደግሞ አሰልጣኝ አያስፈልገውም፤ ካታንጋ ያደገ ያውቅበታል፣ ያላደገውንም ያስተምረዋል።